የሽመሉ አንጓ

ተረት ተረት።

ዳቡስ ወንዝ ዐባይን ፍለጋ ወደ ሰሜን በሚወርድበት በቤኒሻንጉል ምድር አንድ ቀይ ተረተር ነበር። ዝናቡ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ይገባና እስከ ጥቅምት አይለቅም። የአሶሳን ክረምት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መሬቱ ይጠጣል፣ ይጠግባል፣ ከዚያ በኋላ የዘነበው ሁሉ ቁልቁል ነው።

በዚያ ተረተር ላይ እንስሳት መንደር መሥርተው ይኖሩ ነበር። አናቱ ላይ ምስጦች ኩይሳቸውን አቁመዋል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ አዋልዲጌሳ ነበር፤ መንደሩ «አያ ቆፋሪ» ይለዋል። ሦስት ጉድጓድ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ በአንዱ ራሱ ይተኛል፣ በሁለቱ ጃርትና ከርከሮ ተከራይተው ይኖራሉ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ በእውነተኛው ዱርም አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ ጃርትና ከርከሮ ይገቡበታል። መሐል ላይ ትልቅ ማንጎ፣ ማንጎው ላይ እመት ጦጢት። በሣሩ ውስጥ ጅግራ እንቁላሏን ታቅፋለች። ታች፣ ውሃው ዳቡስን በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ የአያ ጅቦ ዋሻ አለ። ኤሊ ደግሞ ቤቷን ተሸክማ ከላይ እስከ ታች ትመላለሳለች። በዕድሜ ሁሉንም ስለምትበልጥ እመት ኤሊ እያሉ ያከብሯታል።

ተረተሩን ከአናቱ እስከ ወንዙ የሚሰነጥቅ አንድ ቦይ ነበር። ቦዩን አያቶቻቸው በደቦ ቆፈሩት። የቆፈሩበት ቀን እስከ ልጅ ልጅ ይወራል፤ ቦርዴ ተጠመቀ፣ ማሽላ ተፈጨ፣ ዋዛ ተነፋ። በአማርኛ ዋዛ ሲባል ቀልድ ነው። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ግን ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፣ የቁም ነገር ሁሉ ቁም ነገር። እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አጭሩ ቀጭን ይጮኻል፣ ረጅሙ እንደ በሬ ያገሣል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በተራ በተራው የራሱን ሲነፋ ነው። አንድ ሰው የቱንም ያህል ትንፋሽ ቢኖረው ብቻውን ዋዛ ነፍቶ ዘፈን አያወጣም።

ቆፍረው ሲጨርሱ በቦዩ ግራና ቀኝ ሽመል ተከሉ። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ አሶሳ ዙሪያ ቤቱም አጥሩም አልጋውም የሚሠራበት። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን እንደ ቅርጫት ያዘው። አንድ ትውልድ ሙሉ ቦዩን የጠረገ የለም፣ ለቦዩ ብሎ አንድ እፍኝ ያዋጣ የለም፤ ቦዩ ግን አልፈረሰም። መንደሩ ቦይ ማለት አንዴ ከተቆፈረ የሚኖር ነገር መሰለው። ጥበቃውን ሽመሉ በነጻ ይሠራ ነበር፤ በነጻ የሚሠራ ደግሞ ማንም አያየውም።

ሽመል ለብዙ ዓመት ሳያብብ ይኖርና አንድ ዘመን ላይ ጫካው ሁሉ በአንድነት ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያም ይሞታል። በቀዩ ተረተር ያ ዘመን መጣ። ሲያብብ መንደሩ እልል አለ። ፍሬው ሲረግፍ ጅግራም አይጥም ጠገቡ። በበጋው ሽመሉ ደርቆ ቆመ፤ የደረቀውን እየቆረጡ ለአጥር፣ ለጣሪያ፣ ለማገዶ ወሰዱት። ሥሩ መሬት ውስጥ እየበሰበሰ መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

ክረምት ገባ። በሰኔ አንድ ሌሊት የቦዩ ግራ ጎን ተደረመሰ። ጃርት ልጆቹን በአፉ እየነከሰ አወጣ። የጅግራ እንቁላል ሁሉ ተወሰደ። ኤሊን ውሃው አንከባሎ ዳቡስ ውስጥ ጣላት፤ በእግሯ ወደ ተረተሩ ለመመለስ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀባት።

ስትመለስ መንደሩ ማንጎው ሥር ተሰብስቦ ነበር።

መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ የታወቀው ነው፤ «ደቦ እንውጣ!» ወጡም። ዋዛ ተነፋ፣ ቦርዴ ተጠጣ፣ በአንድ ቀን ደለሉን ጠርገው ጨረሱ። ያን ማታ ሁሉም ደስ ብሎት ተኛ። ከሳምንት በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ መጣና ቦዩ እንደገና ሞላ። ሁለተኛ ደቦ ተጠራ፤ ግማሹ መጣ። ሦስተኛ ተጠራ፤ ጃርትና ጅግራ ብቻ ተገኙ። ደቦ ለሚያልቅ ሥራ ነው። አዝመራ ይሰበሰባል፣ ጎጆ ይከደናል፣ ያልቃል። ቦይ መጠበቅ ግን አያልቅም።

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ላቁመው፤ ነገሩ የእኛም ነውና። ይህ ክልል መዋጮ ምን መሥራት እንደሚችል ዓይኑ ሥር ያየ ክልል ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ የዐባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ አገር ተነሣ፤ ሠራተኛው የወር ደመወዙን በቦንድ ሰጠ፣ ባለሱቁ ቦንድ ገዛ፣ ወጣቱ በ8100 መልእክት ላከ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ። ኮብልስቶኑም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ከተሞች የሰፈር ሰው አዋጥቶ ደጁን አስነጥፏል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ የሰፈረውም፣ በርታውም፣ ሺናሻውም የጋራ ሥራን ከማንም አይማርም። ለሞት ደግሞ ዕድር አለን፤ በየወሩ ሳናቋርጥ እንከፍላለን። ያልለመድነው በመሠረቱና በመቃብሩ መካከል ላለው ረጅም ጊዜ መክፈልን ነው። ድንጋዩን አዋጥቶ ያስነጠፈ ሰፈር፣ ድንጋዩ በክረምት ሲነቀል ቆሞ ያየዋል፤ ቱቦው ሲደፈን «የሚመለከተው አካል ይምጣ» ይላል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ ለመሥራት ያልሰነፈ ሕዝብ የሠራውን ለመጠበቅ መንገድ አጥቶ ሲቀመጥ ማየት ከባድ ነው።

ወደ ማንጎው ሥር እንመለስ።

«እንግዲያው እናዋጣ» አለች ጅግራ። «ከየቤቱ በየክረምቱ አንድ ቁና ማሽላ። በማሽላው ጠራጊ እንቅጠር።»

ጥሩ ይመስል ነበር። ዕድር እንዲህ ነው፤ ሀብታምም ድሃም እኩል ይከፍላል፣ ሞት እኩል ነውና። ጎርፍ ግን እኩል አይደለም። ለጃርት አንድ ቁና የሁለት ሳምንት የልጆቹ ራት ነው፤ ለአያ ቆፋሪ ከኪራይ ከሚያገኘው የአንድ ቀን ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ሰጠ። በሁለተኛው ጃርት ግማሽ ቁና ይዞ መጣና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሦስተኛው የከፈሉት ይሉኝታ የያዛቸው ብቻ ነበሩ፤ በይሉኝታ የሚሞላ ጎተራ ደግሞ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

«በነፍስ ወከፍ ይሁን» አለች እመት ጦጢት፣ እሷ ብቻዋን ነዋሪ ነበረችና።

የምስጦቹ ሽማግሌ ከኩይሳው ቀዳዳ ብቅ አለ። «እኛ በአንድ ኩይሳ ውስጥ ስንት እንደሆንን ራሳችንም ቆጥረን አናውቅም» አለ። «በነፍስ ወከፍ ከሆነ የዱሩ ማሽላ ሁሉ ተሰብስቦ የእኛን አይከፍልም።» ይህም ወደቀ።

ያን ጊዜ አያ ቆፋሪ ተነሣ። ንግግር ያውቃል። «ወገኖቼ፣ የተጠቀመ ይክፈል። ጎርፍ የሚገባው ታች ካለው ቤት ነው። ቦዩ ቢጠገን የሚጠቀመው ታች ያለው ነው። እኔ ከላይ ነኝ፤ አንድም ሌሊት እግሬ ረጥቦ አያውቅም። የማልጠጣውን ውሃ ዋጋ ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እውነትም ፍትሕ ይመስላል።

ኤሊ ወደ መሐል መጣች። ዝግ ብላ ነው የምትራመደው፤ እስክትደርስ ሁሉም ዝም አለ።

«አያ ቆፋሪ» አለች። «እኔን አንከባሎ ዳቡስ የጣለኝ ውሃ በእኔ ላይ የዘነበ ነው?»

መልስ አልሰጠም።

«ውሃው ቤት ለቤት እየለቀመ ነው የወረደው። ከኩይሳው ላይ ተንሸራተተ፣ አንተ ጉድጓድ ስትቆፍር ደጃፍህ ላይ የከመርከውን አፈር ጫነ፣ ከማንጎው ሥር ቅጠሉን አነሣ፣ ታች ሲደርስ ጎርፍ ሆነ። ከየደጃፋችን ስንሸኘው ግን ዝናብ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነገር ልብ በሉልኝ። የክፍያ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ከፋዩ ቤት ነው፤ ማን ምን አለው፣ ከማን ምን ይወጣል። ኤሊ ቀድማ የሄደችው ወደ ቦዩ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከአናቱ እስከ አፉ ተራመደች። የት ላይ ጎኑ እንደተናደ፣ ስንት ቅርጫት ድንጋይ እንደሚፈልግ፣ በክረምት ስንት ጊዜ መጠረግ እንዳለበት፣ የት ላይ ሽመል ዳግመኛ መተከል እንዳለበት ቆጠረች። ተመልሳ ለመንደሩ ተናገረች፦ «ለአንድ ዓመት ይህን ያህል ቁና ይበቃዋል። ከዚህ አንድ እፍኝ በላይ አንጠይቅም፣ ከዚህ አንድ እፍኝ በታች ቦዩ አይቆምም።» ማከፋፈሉ ከዚያ በኋላ መጣ።

ከደረቀው ሽመል ዐሥር አንጓ ያለው አንድ በትር ቆረጠች። «ሣር የያዘው መሬት አይለካም» አለች፤ «ውሃውን ይጠጣዋልና። በየቤታችን ዙሪያ የሚለካው ራቁቱን የቀረው መሬት ነው፤ ዝናቡን ሳይጠጣ የሚያሳልፈው እሱ ነው። አንድ አንጓ በአንድ አንጓ ለሆነ ራቁት መሬት አንድ እፍኝ። ሣር ያለበሰ ይቀነስለታል።» በጀርመን ከተሞች የዝናብ ውሃ ክፍያ የሚሰላው ከዚህ ብዙ በማይርቅ መንገድ ነው፤ በሲሚንቶና በጣሪያ የተሸፈነው፣ ውሃ የማይጠጣው የግቢ ስፋት ይለካል። ግቢውን ለአፈርና ለሣር የተወ ያነሰ ይከፍላል።

ልኬቱ በቀን ብርሃን ሆነ፣ ጎረቤት እያየ። ኩይሳው ዙሪያው ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ ብዙ አንጓ ወጣበት፤ ምስጦቹ አጉረመረሙ፣ ከኩይሳው በታች ሣር ለመትከል ግን ያኑ ቀን ተነሡ። እመት ጦጢት ከቅርንጫፍ ላይ ሆና «እኔ መሬት አልነካሁም» ስትል ኤሊ ወደ ማንጎው ጥላ ጠቆመች፤ ጥላው ከመወፈሩ የተነሣ ሥሩ አንድ ሣር አልነበረም። ጦጢት ወርዳ አየችውና ተቀበለች። የጃርት ደጃፍ አራት አንጓ በሦስት ሆነ። ጃርት እፍኞቹን በጣቱ ቆጠረና ፊቱ በራ፤ ከአንድ ቁና በብዙ ያነሰ ነበር። የኤሊ ሲለካ ምንም አልነበረም፤ መሬት የላትም። «እንግዲያው በትሩን እኔ ልያዝ» አለች፤ «የማልከፍል ስለሆንኩ ለራሴ አላዳላም።»

አያ ጅቦ ሲነሣ ሁሉም ተንጫጫ። ጎተራውን ልጠብቅ ሊል ነው ብለው ፈሩ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በየሌሊቱ ጎርፍ ያመጣውን ጥንብና አጥንት ከቦዩ አፍ ላይ አነሣለሁ። ባላነሣው ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» አለ። ማንም አስቦት አያውቅም ነበር። ያን ክረምት ያነሣበትን ሌሊት ሁሉ ቆጠሩለትና ከድርሻው ቀነሱለት። በየሰፈራችን እንዲህ ያሉ አሉ፤ ማልደው ደጃፋቸውን አልፈው የጎረቤታቸውን ጭምር የሚጠርጉ፣ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የሌለ።

በከተሞቻችን የቤት ግብርን ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» ይለዋል። ሕጉ ያረጀ ነው፤ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 የወጣው በ1968 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የቤቶቹን የኪራይ ግምት አድሳ ክፍያው ከፍ ሲል ብዙ ሰው ደነገጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። ነገሩ አሶሳም ባምባሲም መድረሱ አይቀርም። ከሰው ጋር ስጨዋወት የምሰማው ጥያቄ ግን «ስንት?» ብቻ አይደለም። «ከፍዬ ደጄ ላይ ምን አየሁ?» ነው የሚሉኝ። ግብር ወደ ትልቁ ቋት ይገባል፤ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ጤና ጣቢያ ይሆናል፣ መሆንም አለበት። የኤሊ ማሽላ ሌላ ነው። ከዚህ ተረተር ይወጣል፣ ለዚህ ቦይ ይውላል፣ ከፋዩ እግሩን አንሥቶ ሄዶ ያየዋል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ይረዳል፤ ለደረጃው መብራትና ለጋራ ቱቦው የሚያዋጣው ከግብሩ የተለየ ነውና። እኔ የምመኘው ለሰፈር ቱቦ፣ ለኮብልስቶኑ፣ ለመንገድ መብራቱ ይህን መሰል ነገር ነው፤ ድንበሩ የታወቀ፣ ሒሳቡ የተለየ።

ሁለት ክርክር ቀርቶ ነበር፤ ሁለቱም ሌሊት አሳደሩ።

የመጀመሪያው የተከራዮቹ ነው። ጃርት ለኤሊ በጆሮዋ፣ «አያ ቆፋሪ የከፈለውን ሁሉ ኪራይ ላይ ይጨምርብኛል። በሽመል የዳንኩት በኪራይ አልቃለሁ» አላት። ይህ ፍርሃት እውነት ነው፤ በከተማ ተከራይቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሊ ነገሩን ሸንጎ ላይ አወጣችው፣ የጃርትን ስም ግን አልጠራችም። የተስማሙት እንዲህ ነው፦ የመሬቱ ባለቤት ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የከፈለው ልክ በሽመል ላይ ተቀርጾ በበሩ ይሰቀላል። ባለቤቱ ከተከራዩ ከዚያ ልክ በላይ «ለቦዩ» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ የተከፈለው ዓይን ፊት ተሰቅሏልና።

ሁለተኛው የድምፅ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ስንት ይሁን የሚለውን ማን ይወስን? አያ ቆፋሪና ምስጦቹ «ብዙ የከፈለ ብዙ ድምፅ ይኑረው» አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ሕጉ ወደዚህ ያደላል፤ ለሰፈር መብራትና አትክልት የሚደረግ ልዩ ክፍያ ሲታቀድ ለባለንብረቶች የድምፅ ወረቀት ይላካል፣ ድምፁም የሚመዘነው በሚከፍሉት መጠን ነው። ጅግራና ጃርት «በቤት ይቆጠር፣ ተከራይም ነዋሪ ነው» አሉ። በአንጓ ብቻ ቢሆን ሁለት ትልልቆች ቦዩን ወደ ደጃቸው ይመልሱታል፤ በቤት ብቻ ቢሆን ትንንሾቹ ሸክሙን ሁሉ ትልልቆቹ ላይ ይጭኑታል። በሌሊቱ መጨረሻ ላይ ከርከሮ፣ ያን ቀን ሙሉ ያልተናገረው፣ «ሁለቱም ይቆጠር» አለ። ክፍያው የሚጸናው የቤቶቹም እኩሌታ የአንጓዎቹም እኩሌታ ሲያልፉት ነው። እንዲህ ሆነ።

በዚያ ክረምት ቦዩ አልፈረሰም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ዓመት የሚነገር የለም፤ ጥገና ሲሳካ ወሬ የለውም።

በሁለተኛው ዓመት ከታች ከሜዳው ሸንጎ ድኩላ መልእክት ይዞ መጣ። «በጎተራችሁ ማሽላ ተርፏል አሉ። ሜዳው ላይ ለሁሉ የሚሆን የውሃ ጉድጓድ ልናስቆፍር ነው፤ ከዚያ አግዙን» አለ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ጅግራ ልትስማማ ቃጥቷት ነበር።

ኤሊ ግን፣ «ለጉድጓዱ ከየቤታችን እንሰጣለን፣ እኔም የምሰጠው ቢኖረኝ እሰጥ ነበር። ከዚህ ጎተራ ግን አንድ እፍኝ አይወጣም። ያንን እፍኝ ካወጣሁ ጃርት በሚመጣው ዓመት በትሩን ስይዝ ‹ስንቱ ለቦዩ ነው፣ ስንቱ ለሌላ?› ይለኛል፤ መልስ የለኝም» አለችው። ከዚያም ወደ ቦዩ አፍ ይዛው ወረደች። ዝናብ ነበር። ከጎረቤት ተረተር፣ ቦይ ከሌለው፣ ደም የመሰለ ውሃ ዳቡስን ይቀላቀላል፤ ከቀዩ ተረተር የሚወርደው ግን ጠጠሩ ይታይበታል።

«ያ ቀይ ውሃ የት ይሄዳል?» አለችው።

«ዐባይ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

ድኩላ ዝም አለ። ዛሬ ብንጠየቅ መልሱን እናውቀዋለን፤ ዳቡስ ዐባይን የሚገናኘው ከጉባ ሽቅብ ነው፣ ከዚያ ተረተር የሚታጠበው አፈርም ማረፊያው ግድቡ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ነው። ሕዝብ ቦንድ ገዝቶ ያቆመው ግድብ ጀርባ ላይ ደለል የሚጨምረው እንዲህ ያለው ያልተጠበቀ ቦይ ሁሉ ነው።

«ቦዩ እኛን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው» አለች ኤሊ። «የእኛን ድርሻ በአንጓ ለክተን ከፈልን። ከእኛ አልፎ ታች ላለው የሚተርፈውን ደግሞ እኛ ብቻ ልንሸከም አይገባም። ለመውሰድ መጣህ፤ ሄደህ ይህን ንገርልኝ።»

ድኩላ ሄደ። ለሸንጎው ምን ብሎ እንደነገረ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ግንቦት ግን ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሣርና የሽመል ችግኝ ጭኖ ተመለሰ። ችግኙን በቦዩ ግራና ቀኝ ተከሉት።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሒሳብ የሚነበብበት ማታ አለ። ለየቤቱ አንድ ዋዛ ተሰጥቷል፤ ለባለቤቱም ለተከራዩም። ኤሊ የቤቱን ስም ትጠራለች፣ አንጓውን ትናገራለች፣ የተከፈለውንና የወጣውን ትናገራለች፤ የተጠራው መለከቱን አንድ ጊዜ ይነፋል። ሁሉም ተጠርቶ ሲያበቃ በአንድነት ይነፉና ዜማው ይወጣል። ያልከፈለ ቤት አይነፋም። ማንም አይሰድበውም፣ ዜማው መሐል ላይ ግን ይጎድላል፣ ጉድለቱን ሁሉም ይሰማዋል።

በሦስተኛው ዓመት ማታ ሁሉም ከፍሎ ነበር። ምስጦቹ ተጠሩ፣ ነፉ። አያ ቆፋሪ ተጠራ፣ ስለ ሦስቱ ጉድጓድ ነፋ። ጃርት፣ ከርከሮ፣ ጦጢት፣ ጅግራ፣ አያ ጅቦ። ኤሊ የሚጠሩትን ሁሉ ጠርታ ጨረሰች።

ከሰልፉ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ፍልፈል ቆማ ነበር። ከየት እንደመጣች ያየ የለም። በሁለት እጇ ያልተበሳ ቅል ይዛለች። ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች።

የፍልፈል ቤተሰብ ተረተሩ ላይ እንደሚኖር መንደሩ አያውቅም ነበር። በተረተሩ ጀርባ፣ ቅርንጫፍ በተከመረበት፣ አራት ጉድጓድ እንዳለ የሚያውቁት የልጅቱ ቤተሰብና አያ ቆፋሪ ብቻ ናቸው። «እንዳትታዩ» ብሎ ነበር ያከራያቸው፤ የታየ ይለካልና።

ኤሊ ልጅቱን አየቻት። መዝገቡን አንድ ጊዜ ተመለከተች። ምንም አላለችም። ማንም ምንም አላለም።

«እንንፋ» አለ ከርከሮ ቀስ ብሎ።

ነፉ። ዜማው ተነሣ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ወረደ፣ ወደ አያ ቆፋሪ ተራ ደረሰ። መለከቱ አፉ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ ግን አልወጣም። ዜማው እዚያ ላይ ተሸነቆረ፣ አልፎ ቀጠለ፣ ዞሮ ሲመጣ እንደገና ተሸነቆረ። ልጅቱ ቅሏን ታቅፋ እስከ መጨረሻው ቆመች፤ ሲያበቃ በመጣችበት ተመለሰች።

ያን ሌሊት ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። አያ ቆፋሪ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ወጣ። ወደ ተረተሩ ጀርባ ዞረ። ከአራቱ ጉድጓድ ደጃፍ የከመረው አፈር ሣር አልያዘም ነበር፤ ውሃው አፈሩን እየሸረሸረ በማንም ያልተቆፈረ ቀጭን መንገድ ወደ ቦዩ ይወርዳል። እዚያ ላይ ጃርትን አገኘው። ጃርት በእሾሁ መካከል ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ከየት እንደሚመጣ ያላወቀውን ቀይ ደለል በእጁ እየዛቀ ከቦዩ ያወጣ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለው አያ ቆፋሪ።

«ከአምና ወዲህ» አለ ጃርት ቀና ሳይል። «ይህ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

ሲነጋ አያ ቆፋሪ ኤሊ ያደረችበት ማንጎ ሥር ቆሞ ነበር። እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነው።

«እመት ኤሊ» አለ፤ «ሽመሉን ይዘው ይምጡ። ያልተለካ አለ።»

ኤሊ በትሩን ከተሰቀለበት አወረደች፤ ምስጥ በልቶት ስለነበር እጇ ላይ ተሰበረ። ወደ ቦዩ ዳር ወረደች፣ ከአዲሱ ሽመል መካከል ዐሥር አንጓ የደረሰውን ፈልጋ ቆረጠች፣ ከዚያም ከኋላው ቀስ እያለች ወደ ተረተሩ ጀርባ መውጣት ጀመረች።